የፍቅር ልብ ወለዶቹ ለማን አረጁ?

ስለ ድሮ የፍቅር ልብ ወለዶች ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንደኛው «እንደዚያ ዘመን መጽሐፍ ዛሬ የት ይገኛል» ይልና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፍቅረኞችን፣ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን፣ ስም እየጠራ በትዝታ ይነጉዳል። ሁለተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ከሃያ አምስት ያልዘለለ፣ «ፊታውራሪ፣ ስለት፣ የዘር ቆጠራ፤ ይህ ሁሉ የአያቶቻችን ጣጣ ነው» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ሲከራከሩ የማይታረቁ ይመስላሉ። በዋናው ነገር ግን ተስማምተዋል፤ መጽሐፎቹ ያለፈ ዘመን ንብረት ናቸው ብለው ደምድመዋል። አንዱ በማለፉ ያዝናል፣ ሌላው በማለፉ ይገላገላል።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። እነዚህ ልብ ወለዶች አዲስ አበባ ቦሌ ውስጥ ለሚኖር ወጣት አርጅተው ሊሆን ይችላል። በዋግ፣ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ አንድ ቀበሌ ውስጥ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ለምትማር ልጅ ግን አላረጁም። ልብሱ፣ ማዕረጉና የንግግሩ ወግ አርጅቷል፤ «ማንን እንደማገባና መቼ እንደማገባ የሚወስነው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በእሷ ቤት ዘንድሮም ይነሣል። ስለዚህ መጽሐፎቹ ለዋግ ወጣቶች እንደገና መቅረብ አለባቸው ባይ ነኝ። የሚቀርቡት ግን ለጥሩ አማርኛ ናሙናነት ወይም ለትዝታ ማስታመሚያ መሆን የለበትም። በጋብቻ ጉዳይ እንደተነሣ ክርክር መቅረብ አለባቸው፤ አንባቢውም ከደራሲዎቹ ጋር፣ በተለይም ከመጽሐፎቹ መጨረሻ ጋር፣ እንዲሟገት መፈቀድ አለበት።

ፍቅሩ የታሪክ ማጣፈጫ አልነበረም

የአማርኛ ልብ ወለድ ከመነሻው ጀምሮ ጋብቻን ሲመረምር የኖረ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው፣ በኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም በታወቀው ሥራው የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የወጣች ልጃገረድን ታሪክ ይተርካል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ፣ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» ሲሉ የጻፉት መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ከርእሱ ይጀምራል። ኅሩይ በዚህ ሥራቸው ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው መዳርን ይነቅፋሉ። ክርክሩ በአማርኛ ከታተመ ዘጠና ዓመት አልፎታል ማለት ነው። የተነቀፈው ልማድ ግን ዛሬም ሽማግሌ ይላክበታል፣ ድግስ ይደገስበታል።

እኛ ዘንድ «የወጣቶች ልብ ወለድ» ተብሎ የተለየ መደርደሪያ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ይህን ዘርፍ ለይተው ሲያደራጁ፣ ኤስ. ኢ. ሂንተን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሳለች የጻፈችው «ዘ አውትሳይደርስ» በ1967 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ጁዲ ብሉም በ1975 እ.ኤ.አ. «ፎርኤቨር»ን አወጣች። ወላጆችና ትምህርት ቤቶችም የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ዕድሜ ይገባል በሚለው ሲነታረኩ ኖሩ። የእኛ ወጣት ግን አባቱ ያነበበውን መጽሐፍ፣ አንዳንዴም የአባቱን ቅጂ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጎድለው ያነባል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1952 ዓ.ም. ያወጣው «ሁለት የዕንባ ደብዳቤዎች»፣ በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «ከአድማስ ባሻገር»፣ ስሜቱን መናገር ያቃተውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚተርከው የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን»፣ አንዳቸውም «ለወጣቶች» የሚል ጽሑፍ አልተለጠፈባቸውም። ወጣቱ ግን የራሱ አደረጋቸው፤ በደስክ ሥር እየተቀባበለ አነበባቸው፤ የመጀመሪያ የፍቅር ደብዳቤውን ከእነሱ ቃል እየተዋሰ ጻፈ። ከውጭ የመጣውም እንደዚሁ ነበር። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚሼል ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ሲታተም እንደ ሀገር ውስጥ መጽሐፍ ተነበበ። (እንዲያ ባለ ሰዓት ሰው የፍቅር ታሪክ መተርጎሙ የዘርፉን ክብደት ለሚጠራጠር በቂ መልስ ይመስለኛል።)

የነገሩ ማዕከል ግን ያለ ጥርጥር በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዝናው ጉዳትም ከዚህ ይጀምራል። ሁሉም ስለሚያውቀው የሚያነበው ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም «የሁለት ሰዎች አሳዛኝ ፍቅር» አድርጎ ነው። መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ሰው ግን ፍቅረኞቹን የገደላቸው ፍቅር እንዳልሆነ ያያል። በዛብህን ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ገና ሕፃን ሳለ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። በሕይወቱ ምን እንደሚሆን እሱ ሳይጠየቅ ተቆርጧል። ሰብለ ወንጌልን ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሬ የሚመጥን ጠፋ እያሉ የጠያቂውን ሽማግሌ ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋን አሳልፈውባታል። እሷም አልተጠየቀችም። ሁለት ያልተጠየቁ ልጆች ፊደል ማስተማሪያ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ፍቅሩ የተጀመረው በንባብ ትምህርት መሆኑን ልብ በሉ፤ ሐዲስ ይህን በአጋጣሚ አላስቀመጡትም። ሰብለ ማንበብ ከመማሯ በፊት የአባቷን ውሳኔ የምትለካበት ሌላ ቃል አልነበራትም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ፣ ሽሽቱ፣ የመነኩሴ ልብሱ፣ ዓባይ ማዶ ለማዶ ያለው ፍለጋ፣ የዚያ አለመጠየቅ ዕዳ ነው። ጎን ለጎንም በአበጀ በለው የሚመራው የገበሬዎች አመፅ አለ። ገበሬውን ያለ ፈቃዱ ግብር የሚያስከፍለው እጅ ልጁን ያለ ፈቃዷ የሚያስቀምጠው ያው እጅ ነው። የፍቅሩን ታሪክ ከማኅበራዊው ችግር መነጠል የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚታየው በፍቅሩ በኩል ነውና።

ሰቆጣ ላይ ቆሞ ሲነበብ

አሁን መጽሐፉን ይዘን፣ ታሪኩ ከተነሣበት ከጎጃም ወደ ዋግ እንሻገር፤ ከሕጉ እንጀምር። «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት ዓመት በሥራ ላይ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ይፈቅድ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይል ነበር። ይህ ሁሉ ተለውጧል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመትን ደነገገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። ጠላፊም በጋብቻ ስም ከክስ አያመልጥም። በሕጉ መዝገብ ብቻ ብንሄድ፣ «የአያቶቻችን ጣጣ ነው» ያለው ወጣት ልክ ነበር።

ቀበሌው ግን ሕጉን እኩል አልተከተለም። በ2003 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች ግማሹ ያገቡት 14.7 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በአዲስ አበባ ይኸው ቁጥር 21.4 ነበር። በአንድ ሀገር ውስጥ ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ማለት ነው፤ ለአንዲት ሴት ሰባት ዓመት ከሰባተኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ወዲህ ለውጥ መኖሩን አልክድም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን ብዙ ጋብቻ አስቁመዋል። ሆኖም የድሮው መጽሐፍ አረጀ አላረጀ የሚለው ጥያቄ በመዲናዋ ቁጥር ሊመለስ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ተቃውሞ አለ። ሰብለ ወንጌል ሕፃን ሙሽራ አልነበረችም፤ ችግሯ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሳትዳር መቆየቷ ነው ያሳፈራት። ታዲያ በአሥራ አራት ዓመቷ ለምትዳር የዋግ ልጅ ምን ይነግራታል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም አለ። አንዱ አባት ለክብሩ ሲል ያዘገያል፤ ሌላው ለክብሩ፣ ለመሬቱ ወይም ድንግልናዋ ሳይነካ ለማሳለፍ ሲል ያፈጥናል። የሚለያየው ቀኑ ነው። ቀኑን የሚቆርጠው ሰው አንድ ነው። ሌላም ቅርበት አለ። በደገኛው ገጠር ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ሚስት ማግባት ስላለበት ለእሱ የምትታጨው ልጅ ገና ሕፃን ትሆናለች። በመጽሐፉ ውስጥ በዛብህ በስለት ከጋብቻ ሲከለከል፣ በገጠሩ ደግሞ የዲያቆኑ ማዕረግ ልጅቷን ወደ ጋብቻ ያጣድፋታል። በሁለቱም ወገን የቤተ ክርስቲያን ሰው የመሆን ምኞት አለ፤ ዋጋውን የሚከፍል ያልተጠየቀ ልጅ አለ። ይህን የሚያነብ የዋግ ዲያቆን ከማንኛችንም የተሻለ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ዋግ ደግሞ የልጃገረድ ድምፅ የማያውቅ አገር አይደለም። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሻደይ ሲመጣ ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተሽሞንሙነው፣ በቡድን በቡድን ሆነው አደባባይ ይወጣሉ። ይዘፍናሉ፣ ያሞግሳሉ፣ በነገር ይነካካሉ፤ ወጣቱም ዐይኑን የሚጥለው ያኔ ነው። ለእነዚያ ቀናት ልጅቷ የፈለገችውን ብትዘፍን የሚቆጣት የለም። ጳጉሜ ገብቶ፣ መስከረም ጠብቶ፣ አዝመራ ተሰብስቦ የሠርግ ወር ሲደርስ ግን ያ ድምፅ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ቤት አይገባም። ባህሉ ፍቅርን ያውቃል፤ ውሳኔውን ነው ያልሰጣት። የድሮዎቹ ልብ ወለዶች የተጻፉት በዚህ ክፍተት ላይ ስለሆነ ለዋግ አንባቢ እንግዳ አይሆኑም።

«ልጆቻችንን ያበላሻል»፣ «ረኀብ ባለበት ምን ልብ ወለድ!»

በመጀመሪያው ተቃውሞ ላይ ብዙ አልቆይም። የፍቅር መጽሐፍ ልጅን ያባልጋል የሚል ወላጅ ልጁ በስልኩ የሚያየውን ቢያውቅ ሐዲስ ዓለማየሁን አመስግኖ ቤቱ ያስገባ ነበር። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ፍቅር ዛሬ በቲክቶክ ከሚታየው አንጻር የገዳም ሥነ ሥርዓት ነው። ወላጁን የሚያሰጋው ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ልጅቷ አንብባ «እኔስ?» ማለቷ። ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው፤ መጽሐፎቹም የተጻፉት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ወላጅን «አይ፣ ምንም አያደርጋትም» ብሎ መሸንገል አልፈልግም። ያደርጋታል። ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያስከብራል። የሰቆጣ ስም በሀገሪቱ ፖሊሲ ውስጥ የሚነሣው ከረኀብና ከመቀንጨር ጋር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ሰቆጣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነት ተያዘች፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማዋና በዙሪያዋ በመጠለያ ኖሩ። ደስክና ጥቁር ሰሌዳ የጎደለው ትምህርት ቤት ባለበት አገር ስለ ልብ ወለድ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? እህል ይቀድማል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚቆጥረው ሕፃን ከማን እንደሚወለድ እንጠይቅ። መቀንጨር የሚጀምረው በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ነው። ራሷ እድገቷን ያልጨረሰች፣ ከትምህርት ቤት ተነሥታ የተዳረች ልጅ ስታረግዝ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ሕፃን ከእሷ ጋር ምግብ ይሻማል። የጤና ባለሙያዎች በየስብሰባው የሚሉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የጋብቻ ዕድሜ የእህል ጉዳይም ነው። ስንዴውንና አልሚ ምግቡን የሚያከፋፍል ሰው ስለ ጋብቻ ውሳኔ የሚደረገውን ውይይት እንደ ትርፍ ነገር ሊያየው አይገባም፤ ውይይቱን ለማስጀመር ደግሞ ከፖስተርና ከስልጠና ሰነድ ይልቅ ሰው የሚያስለቅስ ታሪክ እንደሚቀል ወጋየሁ በሬዲዮ አሳይቶናል።

ሴቶቹ ለምን መመንኮስ ወይም መሞት አለባቸው?

በእኔ አቋም ላይ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ከሴት አንባቢዎች የሚመጣው ነው። እነዚህን መጻሕፍት ለልጃገረድ ስትሰጧት የምታስተምሯት ምንድነው ይላሉ። ወደደች፣ ተከለከለች፣ ሸሸች፣ መነኮሰች፣ ሞተች። የወደደ ይቀበራል የሚል ትምህርት ነው። ደራሲው ልማዱን ይወቅሳል፤ ልማዱን የደፈረችውን ግን መጨረሻ ላይ ራሱ ይቀጣታል። አንባቢው አልቅሶ፣ እፎይ ብሎ፣ መጽሐፉን ይዘጋል፤ በማግሥቱ ልጁን ይድራል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ እውነት አለ። አብዛኞቹ ደራሲዎች ወንዶች ነበሩ፤ «አንጉዝ»ንና «ቋሳ»ን የጻፈችውን ጸሐይ መላኩን የመሰሉ ሴት ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ዘግይተውና በጥቂቱ ነው የመጡት። ወንድ ደራሲ ለሴት ሲያዝንላት ብዙውን ጊዜ ውብ ሬሳ አድርጎ ያዝንላታል። ሰብለ ወንጌል በመጽሐፉ ውስጥ በራሷ የወሰነችው ትልቁ ነገር ከአባቷ ቤት መውጣቷ ነው። ከወጣች በኋላ ሐዲስ ምን ሊያደርጓት እንደሚችሉ ብዙ መንገድ ነበራቸው። አዲስ አበባ ነበረ፣ ሥራ ነበረ፣ ፊደሉም አላት። የመረጡት ግን መነኩሴነትንና መቃብርን ነው። ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ፤ በዛብህ አስተማሪዋ ነው። ሰብለ ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ስለሆነች በመጽሐፉ ውስጥ ነገሩ አይጎረብጥም። ዛሬ ግን ሩቅ ቀበሌ የተመደበ መምህር ተማሪውን ሲያባብል የሚደርሰውን የሚያውቅ ሰው ያን ክፍል ዐይኑን ጨፍኖ ማለፍ የለበትም። መምህር ሆኖ መጽሐፉን የሚያስተምር ካለ ይህን ጥያቄ ራሱ ማንሣት አለበት፤ ካላነሣው ተማሪዎቹ በልባቸው ያነሡበታል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «መጽሐፎቹ ይቅሩ» ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ሐዲስ መጽሐፉን በሠርግ ቢጨርሱት ኖሮ ማን ይቆጣ ነበር? ፊታውራሪው ተጸጽተው፣ መርቀው ቢድሯቸው አንባቢው «ለካ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ ያርፋል። በ1958 ዓ.ም. የነበረው ሥርዓት እንዲህ ላለው ፍቅር ቦታ እንደሌለው የሚያውቅ ደራሲ ያለውን ነው የጻፈው። መጨረሻው የጨከነው በሥርዓቱ ላይ ለመፍረድ ነው። ልማዱን በየአደባባዩ ሲተች «ጉዱ» የተባለው ካሣ ዳምጤ እንኳ ከመሞት አለመትረፉ ፍርዱ በሴቷ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ስለዚህ ከሴት ተቺዎቹ ጋር የምለያየው በመፍትሔው ነው። መጨረሻውን ለወጣቶቹ መደበቅ አይገባም፤ ማስለወጥ ይገባል። «ሰብለ ከቤት በወጣችበት ሌሊት ሕጉ የዛሬው ቢሆን፣ ስልክ ቢኖራት፣ በወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቢኖር፣ የት ትሄድ ነበር?» ብሎ አንድ ክፍል ተማሪ ሲያከራክሩ የሚገኘው መልስ ከማንኛውም የግንዛቤ ማስጨበጫ ይበልጣል። ምክንያቱም ተማሪዎቹ ወዲያው እውነቱን ይነግሯችኋል፤ ጽሕፈት ቤቱ ዐርብ ከሰዓት ዝግ መሆኑን፣ ሊቀ መንበሩ የአባትየው አበልጅ መሆኑን፣ ልጅቷ ከሸሸች ታናሽ እኅቷ በእሷ ፋንታ ልትዳር እንደምትችል። በሕጉና በቀበሌው መካከል ያለው ርቀት በሪፖርት ውስጥ አይገኝም፤ እንዲህ ባለ ክርክር ይገኛል።

የዋግ ልጅ ራሷስ የት አለች?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ጉድለት አለበት። መጽሐፎቹ ለዋግ ልጅ ቅርብ ናቸው ብያለሁ፤ እሷ ራሷ ግን በውስጣቸው የለችም። በስም የምናውቃቸው የፍቅር ልብ ወለዶች ጎጃምን፣ ሸዋን፣ ከሁሉም በላይ አዲስ አበባን ነው የሚተርኩት። ወሎ ወደ ልብ ወለድ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገባው በረኀቡ ነው፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«ማዕበል» ተከታታይ መጻሕፍቱ የ1966ቱን አብዮት ሲተርክ መነሻ ያደረገው የወሎን ረኀብ ነበር። ያኔ ዋግ የወሎ አውራጃ ነበረች። የተራበ ሰው ግን በልብ ወለድ ውስጥ የሚወድ፣ የሚቀና፣ የሚያኮርፍ ሰው ሆኖ አይታይም፤ ለሀገሪቱ ኅሊና መክሰሻ ሆኖ ይቀራል። የዋግ ተወላጅ የነበረው ማሞ ውድነህ እንኳ፣ በ2004 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በርካታ መጻሕፍት የጻፈና የተረጎመ ብዕረኛ ሲሆን፣ በአንባቢ ዘንድ ስሙ የገነነው እንደ «የኛው ሰው በደማስቆ» ባሉ የስለላ ታሪኮች ነው። «ዲግሪ ያሳበደው»ን ጽፎ የከተማውን ምሁር ገረፈው፤ የትውልድ ቀዬው ልጃገረድ ግን የሚጽፋት እየጠበቀች ቀረች። ይህን የምለው እሱን ለመውቀስ አይደለም። ደራሲ የፈለገውን ይጽፋል። ቀጣዩ ብዕረኛ ከየት ይምጣ የሚለውን ለማንሣት ነው።

ከዚህ ጋር የቋንቋው ጉዳይ አለ። በዋግ ኽምራ ብዙ ልጅ አፉን የሚፈታው በኽምጣኛ ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትም ይማርበታል። ለዚህ ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም አማርኛ ተራራ ነው። አንዳንድ የባህል ተቆርቋሪዎች «በራሳችን ቋንቋ የሚጻፍ ሳይኖር የአማርኛ ልብ ወለድ ማስነበብ ሌላ ጫና ነው» ይላሉ። ጫና የሚሆነው ንባቡ በአማርኛ ተጀምሮ ውይይቱም በአማርኛ ካለቀ ነው። ታሪኩ በአማርኛ ይነበብ ወይም ከቅጂ ይደመጥ፤ የወጋየሁ ትረካ ዛሬ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ክርክሩ ግን በኽምጣኛ ይሁን። እናት፣ አባትና አያት የሚሳተፉት ያኔ ነው። ልጅቷም ቤቷ የምትናገረውን ነገር በቤቷ ቋንቋ ተለማምዳ ትገባለች። ከእነዚህ ክርክሮች ውስጥ አንድ ቀን በኽምጣኛ የሚጻፍ የፍቅር ታሪክ ቢወጣ አይደንቀኝም፤ የአማርኛው ልብ ወለድም ቢሆን የተወለደው ከአባቶች ጋር በተደረገ ክርክር ነው።

ወጪው ብዙ አይደለም። ለአንድ ትምህርት ቤት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አሥር ቅጂ፣ ከ«ሁለት የዕንባ ደብዳቤዎች»ና ከ«ሰመመን» ጥቂት ጥቂት፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ሥራውን የሚወድ አንድ የአማርኛ መምህርና አንድ የኽምጣኛ መምህር ይበቃሉ። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ስብሰባም ሠርግ ከሚበዛባቸው የጥርና የየካቲት ወራት አስቀድሞ ይሁን፤ ከሠርጉ በኋላ የሚደረግ ክርክር ለዚያች ልጅ አይደርስላትም። የዞኑ ትምህርት መምሪያና የሴቶች ጉዳይ መምሪያ ለስልጠና አበል ከሚመድቡት ላይ ለዚህ ጥቂት ቀንሰው ቢሰጡ ሕዝቡ ያመሰግናቸዋል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ባሕር ማዶ የምትኖሩ የዋግ ልጆችም፣ መደርደሪያችሁ ላይ ሽፋኑ የለቀቀ የድሮ ልብ ወለድ ካለ ለትዝታ አታስቀምጡት። ጠርዙን አስለጥፉና ወደ ሰቆጣ ላኩት።